አማቴ ደመና ተከትለው የሄዱ ዕለት

ሙሽሪት ጠፋች ሲባል ሰምታችኋል። ሙሽራው ሐሳቡን ቀይሮ ሸሸ ሲባልም ሳትሰሙ አትቀሩም። የሙሽሪት አባት ኒካህ ሊያስሩ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ደመና ተከትለው ሲሄዱ ያየ ሰው ግን ከእኔ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ካለ ይምጣና እንተዛዘን።

ነገሩ የሆነው አሰብ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን። እኔ ያኔ ከደሴ ወርጄ አንዲት ሱቅ የከፈትኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሽርጥ፣ ተምርና የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ስለ አሰብ ሙቀት የሰማችሁትን ሁሉ እመኑ፤ የተጋነነ ቢመስላችሁም እመኑ። የሱቄ ከረሜላ ከወረቀቱ ጋር አንዴ ከተጋባ አይፋታም ነበር፤ ልጆች ከነወረቀቱ ነው የሚመጡት። ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይታሰብ ከተማው አልጋውን እያወጣ ደጅ ያድራል። ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ ምስጢር የለም። አንድ ጎረቤቴ በእንቅልፍ ልቡ ሲያወራ ሰምቼ፣ ጠዋት ስኳር ሊገዛ ሲመጣ ሕልሙን የፈታሁለት ጊዜ ነበር።

ይህን የምላችሁ ላማርር አይደለም። አሁን ደሴ ብርድ ልብስ ደርቤ ተቀምጬ ያንን ሙቀት ስናፍቀው ለራሴም ይገርመኛል። ሰው በወጣትነቱ የረገመውን አየር በስተርጅናው ይመርቀዋል መሰለኝ።

የሱቁ ባለቤት፣ ማለት አከራዬ፣ ሐጂ ሳልም ይባላሉ። አባታቸው ከየመን በጀልባ የተሻገሩ፣ እሳቸው ግን እዚያው አሰብ የተወለዱ ናቸው። ሥራቸው ጨው ነው። የባሕሩን ውሃ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ገንዳ ውስጥ ያስገቡና፣ ፀሐይ ውሃውን ጠጥታ ጨዉን እስክትተውላቸው ይጠብቃሉ። እኛ ከፀሐይ ሸሽተን ግድግዳ ለግድግዳ ስንሄድ ሐጂ መሐል መንገድ ላይ ይቆሙና ቀና ብለው «ማሻአላህ፣ ዛሬስ በርትታለች» ይላሉ፤ ስለ ቀን ሠራተኛ እንደሚናገር አሠሪ። በደመናማ ቀን ሐጂን ሰላም ማለት አይመከርም።

አማቴ የሆኑት አባ ሑመድ ደግሞ አፋር ናቸው፤ ከብቶቻቸውና ፍየሎቻቸው በደሴ መንገድ፣ በደባይሲማ በኩል የሚውሉላቸው። አልፎ አልፎ ቅቤ ይዘው ከተማ ይገባሉ፤ ከሱቄ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይገዛሉ፤ ከዚያ ደጃፌ ላይ ይቀመጡና ሰማይ ያያሉ። መጀመሪያ መስሎኝ የነበረው አውሮፕላን የሚጠብቁ ነው። ጨዋታ ይወዳሉ፣ አማርኛቸውም ከእኔ አፋርኛ ይሻላል፤ ነገር ግን በወሬ መሐል ቀና ብለው ዝም ካሉ፣ ጆሯቸው የለም። ሰማዩን አንብበው ሲጨርሱ ነው የሚመለሱት።

ልጃቸው ሐሊማ ለትምህርት ብላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ነበር ያደገችው። ለአክስቷ ሻይ ቅጠል ልትገዛ ወደ ሱቄ ትመጣለች። ሻይ ቅጠል እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት አይቼ አላውቅም፤ ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔም በበኩሌ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከመሸጥ ጥቂት ጥቂት እያልኩ እሸጥላት ነበር። በዚህ ዓይነት ንግድ ማንም አልበለጸገም፤ እኛ ግን ተጫጨን።

ቀላል አልነበረም። በእነሱ ባህል ልጅ የምትሰጠው ለዘመድ ልጅ ነው። ሽማግሌ ስልክ አባ ሑመድ ሰምተው፣ እንደ ልማዳቸው ሰማይ ሰማይ አይተው፣ ልጅቷን አስጠርተው ጠየቋት። እሷም እሱን ነው የምፈልገው አለች። ሰጠሁ አሉ። ዘመዶቻቸው ግን ደገኛ፣ ያውም ባለሱቅ፣ ያውም ግመል ሲያይ መንገድ የሚቀይር፣ እያሉ ማጉረምረማቸውን ሰምቻለሁ። የግመሉ ነገር እውነት ነው። ስለዚህ ኒካሁ እስኪታሰር ድረስ ልቤ እንደተንጠለጠለ ነበር።

ለሰርጉ እናቴ ከአጎቴና ከጥቂት ዘመዶች ጋር ከደሴ ወረደች። ያመጣቸው ተኽለ የሚባል የአስመራ ልጅ፣ በደሴና በአሰብ መሐል ሲመላለስ የኖረ የጭነት ማኪና ሾፌር ነው። ጓደኛዬም ነው፣ ሚዜዬም እሱ ነው። ለተኽለ ዓለም በሁለት ይከፈላል፤ ማኪና የሚያስኬድና ማኪና የሚይዝ። ስለ አንድ አገር ስትጠይቁት ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሴቶቹ ውበት አይነግራችሁም። «አስፋልቱ እስከ ከተማው በር ይደርሳል» ይላችኋል፤ ሙገሳው ይሄ ነው።

እናቴ ባሕር አይታ አታውቅም። ወስጄ ሳሳያት፣ ይህ ሁሉ ውሃ ተኝቶ አገሩ ለምን ደረቀ ብላ ጠየቀችኝ። ውሃው ጨው ነው አልኳት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ቀመሰች፤ ፊቷን አጨማደደች።

«ማን ይቀምሰዋል ብሎ ነው እንዲህ ጨው ያበዛበት?» አለችኝ፤ ወጥ ያበላሸች ምራቷን እንደምትወቅስ አማት።

ከዚያ በኋላ አገሩን አዘነችለት። እሷ ስትዳር ዘንቧል፣ እናቷም ስትዳር ዘንቧል፤ ዝናብ ያልነካው ሰርግ በእሷ ዓይን ጨው እንዳልነካው ወጥ ነው። ሰግዳ በጨረሰች ቁጥር እጇን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ የምትለምነው ለትዳሬ ይመስለኝ ነበር። ከደሴ ያመጣችውን ጥቁር ዣንጥላ ያዩ የሰፈሩ ሴቶችም፣ ለፀሐይ ብላ ያመጣችው መስሏቸው ብልህነቷን አደነቁ።

ወሩ ኅዳር ነው፤ አሰብ ትንሽ የምትተነፍስበት። በዚያ ወቅት አንዳንድ ዓመት ካፊያ ቢጤ ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ሳይመጣ ይቀራል፤ የሚጠብቀውም የለም። ሰርጉ የተሰናዳው በሐጂ ሳልም ግቢ ነው። ሰሌን ተነጥፏል፣ ዳስ ተጥሏል፣ ሩዝና ሥጋው በትልልቅ ድስት እየተንተከተከ ነው። ሙሽሪት ከውስጥ፣ ቆርቆሮ ክዳን ካለው ክፍል፣ በሴቶችና በከበሮ ተከባለች። እኔ ዳሱ ሥር፣ እናቴ ደሴ አሰፍታ ያመጣችልኝን የሱፍ ሙሉ ልብስ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ሱፍ፣ አሰብ ላይ። ከረባቱን ስነካው ውሃ ይወጣዋል። አባ ሑመድ አዲስ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው፣ ጠጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው አጠገቤ አሉ። ቃዲው ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የዐስር ሶላት ቀጥሎ ኒካሁን ሊያስር ቀጠሮ ይዟል።

ከቀትር በፊት ነፋሱ ዞረ። እኔ መዞሩን ልብ አላልኩም፤ የእኔ አፍንጫ ያሸተተው ሩዙን ነው። አባ ሑመድ ግን ወሬያቸውን አቋረጡ። ተነሥተው ደጅ ካደሩት አልጋዎች አንዱ ላይ ወጡና በአጥሩ አናት ወደ ምዕራብ ተመለከቱ። እኔም አየሁ። ከጥቁሩ ድንጋያማ ኮረብታ ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል፤ መብረቅ ፈገግ ብሎ ጠፋ። አባ ሑመድ ከአልጋው ወረዱ።

«ዘነበ» አሉኝ። ዱላቸውን አነሡና ወጡ።

ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ የሄዱ መስሎኝ ነበር። ውዱእ ደግሞ ሰው ባሕር ካልሄደ በቀር ያን ያህል አያቆይም። እየተቁነጠነጥኩ ሳለሁ ተኽለ ከውጭ ገባና፣ አማትህን በደሴ መንገድ በምትሄድ ማኪና ላይ ሲሳፈሩ አየኋቸው አለኝ። አጎቴ ሰማ። አጎቴ ነገርን በክፉ የመተርጎም ልዩ ተሰጥኦ ያለው ሰው ነው፤ ወዲያው «ተጸጽተው ነው፤ ልጃቸውን ሊከለክሉህ ነው» አለ። የዘመዶቻቸው ማጉረምረም ትዝ አለኝ።

በዚህ መሐል አሰብም ላይ መዝነብ ጀመረ። ካፊያ አይደለም። ጠብታው የብርጭቆ ውሃ ያህላል። ዳሱ በአንድ ወገን ተደፋ፤ ሰው ሰሌኑን በራሱ ላይ እየጣለ ሮጠ፤ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው መንገድ ላይ ተበተኑ። እናቴ መሐል ግቢ ቆማ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልል ትላለች። ሐጂ ሳልም ደግሞ ከእሷ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው፣ መዳፋቸው ላይ የወደቀውን ጠብታ የሰው ምራቅ እንደሆነ ሁሉ ያዩታል። ያ የብዙ ሳምንት ፀሐይ ያበሰለው፣ ሊዛቅ የደረሰ ጨው በገንዳው ውስጥ ተኝቷል።

እናቴ አየቻቸው። «እንኳን ደስ አለዎ ሐጂ፤ ራህመት ወረደልን» አለቻቸው፤ የአላህ ምሕረት ማለቷ ነው።

ሐጂ በሦስት ቋንቋ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱና በአንዱም ሳይናገሩ፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው ወደ ጨዋቸው ሮጡ። እናቴ ዓይኗን ተክላ ተከተለቻቸውና፣ ሰውየው ዝናብ ውስጥ ለመሮጥ መጓጓታቸው ደስ እንዳሰኛት ነገረችኝ። በዚያው አፏ፣ ሳምንቱን ሁሉ ስትለምን የከረመችው ምን እንደነበረም ነገረችኝ።

ቃዲው አንድ ጥግ ተጠልሎ ነገሩን አስረዳኝ። ያለ ወሊ፣ ማለትም ያለ ሙሽሪት አሳዳሪ፣ ኒካህ አይታሰርም። አባ ሑመድ በእሳቸው ምትክ የሚቆም ሰው ቢወክሉ ኖሮ ይቻል ነበር፤ አልወከሉም። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል፤ ካልተገኙ ለሌላ ቀን ይዛወራል። ዘመዶቼ ደግሞ በማግስቱ ወደ ደሴ ሊመለሱ ነው። እናቴ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጣ የልጇን ኒካህ ሳታይ ልትመለስ ሆነ።

ተኽለን አየሁት። «ሓወይ» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «እኔ የተጠራሁት ለሚዜነት ነው እንጂ ለፖሊስነት አይደለም።» ይህን እያለ ግን ቁልፉን አውጥቷል። ጋቢና ልገባ ስል እናቴ ሮጣ መጥታ ዣንጥላውን አቀበለችኝ፤ ሙሽራ ሲበሰብስ ደስ አይልም ብላ።

ወሬውን ለሐሊማ እንዳይነግሯት ሴቶቹን ለምኜ ነበር። አብሽር አሉኝ፤ ከበሮውን አጠንክረው ይመቱ ጀመር።

ከከተማ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ማኪናው ጭቃ ያዘው። ተኽለ ስለ ዝናብ ያለውን አስተያየት ያን ጊዜ ነው በሰፊው የሰማሁት፤ በትግርኛ ጀምሮ፣ ጣሊያንኛው የሚበረታበት ቦታ ላይ ጣሊያንኛ ጨምሮ፣ ለእኔ ይገባኝ ዘንድ በአማርኛ ደመደመው። እሱ መሪውን ይዞ እኔ ከኋላ ገፋሁ። ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን እየዛቀ ሱፌ ላይ ለጠፈው። የገፋሁ መሰለኝ እንጂ የተለሰንኩት እኔ ነኝ። በዚህ ላይ እያለን አንዲት ማኪና አጠገባችን አለፈች፤ ጭነቷ ላይ የተቀመጡት አፋሮች ምን ሆናችሁ ብለው ጮኹ። ተኽለ ልቡ ተቃጥሎ ስለነበር፣ ይህ ሙሽራ አማቱን እያባረረ ነው ሲል መለሰላቸው። እየሳቁ አለፉ።

እንደምንም ወጥተን ስንሄድ ግመል የሚነዳ ሰውዬ አገኘን። አባ ሑመድን አይተህ እንደሆን ልጠይቀው ወረድኩ። አፋር ግን መንገድ ላይ ሲገናኝ እንዲህ ዘሎ ጥያቄ አይጠይቅም። ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ፤ መጀመሪያ በወጉ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ከዚያ አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ምንም ሳያጎድል ይናገራል፣ ሌላው በጥሞና ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ጋዜጣ ለሌለው አገር ከጋዜጣ የሚበልጥ ነገር ነው። ለሚቸኩል ሙሽራ ግን ይከብዳል። ሰውየው ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥኩ። የትኛው ጉድጓድ ውሃ እንዳለው፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደዳነ፣ በየትኛው ሜዳ እንደዘነበና የትኛው ሜዳ እንደታለፈ ነገረኝ። ተኽለ ክላክስ እየነፋ ነው። ሰውየው ክላክሱን እንደ በግ ጩኸት ቆጥሮ ቀጠለ። በመጨረሻ፣ ሑመድ ወደ ወንዙ እንዳለፈና፣ ልጁን ስለከለከለው ጥቁር ልብስ የለበሰ አንድ ደገኛ በቁጣ እያሳደደው መሆኑን፣ አሁን ያለፈው ማኪና ላይ ካሉ ሰዎች መስማቱን ነገረኝ።

የራሴን ወሬ ከነማጣፈጫው ለራሴ ሲነግሩኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደገኛው እኔ ነኝ ልለው ፈልጌ ልብሴን አየሁት፤ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ነበር። ተውኩት።

ወንዙ ጋ ደረስን። ወንዝ ስል፣ በሌላው ቀን ጠጠርና አሸዋ ብቻ የሆነ፣ ግራር ጥላ ሥር ፍየል የሚያርፍበት ነው። ዛሬ ግን ከላይ የዘነበው እየመጣ ነው፤ ቡናማ ውሃ ቅርንጫፍና ድንጋይ እየገፋ ይወርዳል፣ በየደቂቃውም ይሰፋል። አባ ሑመድ ያ አዲስ ነጭ ሽርጣቸው ወገባቸው ላይ ተጠቅልሎ፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ በየብብታቸው ግልገል ይዘዋል። ዝቅ ካለው ዳር ላይ የቀሩትን ግልገሎች ወደ ከፍታው የሚያወጡ ጥቂት ዘመዶቻቸው አሉ፤ ከእነዚያ ከሚያጉረመርሙት መካከል ናቸው። አባ ሑመድ ቀና ሲሉ አዩኝ። የመገረም ምልክት አላየሁባቸውም። ከሱቄ ደጃፍ እንደተገናኘን ሁሉ «መጣህ? ጥሩ» አሉና ሁለቱንም ግልገል ደረቴ ላይ አስታቀፉኝ።

እንግዲህ ምን ይባላል? አማት የሰጠው አይመለስም። ወደ ከፍታው ወስጄ አስቀመጥኩና ተመለስኩ። ሌላ ሰጡኝ። ፍየል ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ታቅፈውት ሲሮጡ አራቱም እግሩ ለየብቻ ያስባል። አንዱ ከረባቴን አኘከ። አንዱ በፍርሃት ይሁን በንቀት እንጃ ትከሻዬ ላይ ሸናብኝ። ተኽለ መጀመሪያ ማኪናው ጋ ቆሞ ሲያየን ነበር፤ በኋላ ጃኬቱን ወረወረና ገባ፤ ወዲያውም ማኪናውን ወደ ዳሩ አስጠግቶ ግልገሎቹን ጭነቱ ላይ እየተቀበለ ይደረድር ጀመር። ገና በዚያ ቀን የተወለዱ፣ ቆመው መሄድ የማይችሉ ነበሩ፤ በእናቴ ዣንጥላ ሥር ተኮለኮሉ። ዣንጥላው በአፋር ምድር ሥራ ያገኘው በዚህ ዓይነት ነው። አንዲት ፍየል ውሃው ወሰዳት፤ አባ ሑመድ ቆመው አዩአት፣ አንድ ቃል ተናገሩና ወደ ቀሩት ዞሩ።

ያን ዝቅ ያለ ዳር ውሃ ከሸፈነው በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ትንፋሼ ሲመለስ የመጣሁበትን ነገር ጠየቅኋቸው። ሐሳብዎን ለውጠው ነው ወይ አልኳቸው። ጥያቄውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባቸው፤ አማርኛው ጠፍቷቸው ግን አልነበረም።

«ልጄን ሰጠሁህ ብያለሁ» አሉ። «ቃሌ እዚያ ግቢ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ዝናብ ግን ቃል የለውም፤ ካልሄድኩለት አይጠብቀኝም። አንተ ቃሌን ትተህ እኔን ምን ብለህ ተከተልክ?»

እኔ በሰው አገር ሰርግ ላይ አባት ሲጠፋ ያየሁት ንቀት ነበር፤ እሳቸው ግን እኔን ስላመኑኝ ነው የሄዱት። እምነቱ እንደተዘለፈ ሰው ትንሽ ቅር ብሏቸውም ነበር። ተኽለ ጎማውን እየመታ ስለሚመሽ መንገድ አስታወሰን። አባ ሑመድ ውሃውን አንድ ጊዜ አዩና፣ በቃ፣ ዝናቡን አድርሼዋለሁ፣ አሁን ሰርጉን እናድርስ አሉ። ዘመዶቻቸውም ተነሡ። እነዚያ ሲያጉረመርሙ የነበሩት አንደኛው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ የሱፌን እጅጌ በጣቱ ዳሰሰና፣ ይህ ልብስ ለፍየል ሥራ ይከብዳል አለኝ። በእነሱ አነጋገር እንኳን ደህና መጣህ ማለት መሆኑን በኋላ ሐሊማ ነግራኛለች። አብረውን ተሳፈሩ። እናቶቻቸው ማዶ የቀሩ ግልገሎችም ስለነበሩ፣ እነሱም አብረውን ተሳፈሩ።

አሰብ ስንገባ መግሪብ እየተቃረበ ነው። ቃዲው አልሄደም፤ ዝናቡ አስጠልሎት፣ ሩዙም ፊት ለፊቱ ስለነበር ልቡ ጨክኖ መውጣት አልቻለም። እናቴ ከማኪናው ስወርድ አየችኝና ልጇን ፈልጋ አልፋኝ ሄደች። ተመልሳ መጥታ በጣቷ ትከሻዬን ነክታ አሸተተች። ይህ ምንድን ነው አለችኝ። የለመንሽው ራህመት ነው አልኳት።

ሐጂ ሳልምም ከባሕሩ ዳር ተመልሰው፣ ከተደፋው ዳስ ሥር አንድ አልጋ ላይ ኩርምት ብለዋል። ሽርጣቸው ይንጠባጠባል። ሁላችንም ምን እንደሆነ አውቀናል፤ የሚጠይቅ ግን ጠፋ። አባ ሑመድ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ጨውህስ?» አሏቸው።

«ወደ ባሕሩ ተመለሰ» አሉ ሐጂ። ቀጥለውም፣ «ፍየሎችህስ?»

«አንዲት ሄደች። ሌሎቹ ሣር ሊያገኙ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። በለቅሶ ቤት እንደሚባለው ዓይነት አልሐምዱሊላህ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው ያሉት። አባ ሑመድም ትከሻቸውን ያዝ አድርገው፣ አላህ ይተካልህ አሉ፤ እሱም ከልብ ነበር። አንዱ ያዘነበት ዝናብ የሌላው ደስታ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ለምን እንዲህ ሆነ ብለው አልተከራከሩም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ኒካሁ ተነበበ፤ አባ ሑመድ ወሊ፣ ሐጂ ሳልም አንዱ ምስክር ሆኑ። ከምስክሮቹ ሽርጥ ውሃ፣ ከሙሽራው ልብስ ጭቃ እየተንጠባጠበ፣ ግልገሎቹ ከበስተኋላ እየጮኹ ታሰረልኝ። ቃዲው አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጦ፣ «ቀበልኩ» ያልኩት እኔ ነኝ ወይስ ከኋላ ያሉት ብሎ ጠየቀ።

ከእራት በኋላ እናቴ ስለ ጨዉ ሰምታ ኖሮ ሐጂ ዘንድ ሄደች። ዝናቡን የለመንኩት እኔ ነኝ፣ ጉዳት እንዳለው አላወቅሁም አለቻቸው። ሐጂ ሽርጣቸውን ጨመቅ አደረጉ።

«እንግዲህ የእርስዎ ዱዓ እንዲህ ፈጥኖ የሚሰማ ከሆነ» አሏት፣ «ሳይሄዱ በፊት ለእኔም ፀሐይ ይለምኑልኝ።»

እናቴ እዚያው እጇን ዘረጋች። በደሴ ልማድ ፀሐይ መለመን ነውር ይመስላታል፤ ቢሆንም ለመነች። በማግስቱ ፀሐይዋ የቀረውን ሁሉ ልትክስ የመጣች ይመስል ከማለዳው አናት ትበሳ ጀመር። እናቴ ማኪናው ላይ ስትወጣ ሐጂ ሳልም ሊሸኟት መጥተው፣ ወደ ላይ እያዩ ማሻአላህ ይላሉ፤ እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታጉረመርማለች።

ሁሉም ከተሸኙ በኋላ፣ ያን ዕለት ረፋድ፣ ሐሊማና እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ ቅጠል ሳንገበያይ ቁጭ ብለን አወራን። አባትሽ እንደሄዱ ነግረውሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ማታ በጭቃ ተለውሳችሁ እስክትገቡ ምንም አላወቅሁም አለችኝ። ዝናቡንስ አልኳት፤ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ምን አልሽ?

አፈረች። ሒና በተቀባ እጇ ሻሿን አስተካከለች።

«ዝናብ አልመሰለኝም» አለች። «ከበሮ ይመታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ፊቴ ተሸፍኗል። ከላይ ቆርቆሮው ሲጮኽ ያገርህ ሰዎች የሚያጨበጭቡ መሰለኝ። ስንት ሆነው መጡ አልኩ። እስከዚያ ድረስ ፈርቼ ነበር፤ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ቋንቋዬን አያውቁ፣ እንዴት አድርገው ያዩኝ ይሆን እያልኩ። እንዲህ ካጨበጨቡልኝማ ይወዱኛል ብዬ ልቤ ተረጋጋ።»

ከደሴ የመጡት ዘመዶቼ በጣት የሚቆጠሩ እንደነበሩና፣ በዚያ ሰዓት አንዳቸውም እንዳላጨበጨቡ አልነገርኳትም። አጎቴ ያን ሰዓት ምን ሲል እንደነበርማ ጨርሶ አልነገርኳትም።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ። ሐጂ ሳልምም አባ ሑመድም እናቴም ሄደዋል፤ ተኽለ ያለበትን አላውቅም። እኛ ደሴ ገባን፤ እዚህ ክረምቱ ሲመጣ ሳምንት ሙሉ አያባራም። ቆርቆሯችን አርጅቷል፣ በሁለት በኩል ያፈሳል፣ እኔም ዝናቡ በጀመረ ቁጥር ማጉረምረሜ አይቀርም። ሐሊማ ግን ሥራዋን አቁማ ቀና ትላለች።

«መጡ» ትለኛለች።

«ስንት ናቸው?» እላታለሁ።

ጆሮዋን ታቆማለች፣ ታዳምጣለች፣ አትቸኩልም። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ ዛሬስ ብዙ ናቸው ትለኛለች።